የሾፌር ጎን

ሽመክት መርሻ ጅግጅጋ ተወልዶ ጅግጅጋ ያረጀ መካኒክ ነው። አባቱ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበሩ፤ ከሐረር ተዛውረው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ሽመክት በደገሀቡር መውጫ ባለው ጋራዡ አርባ ዓመት ያህል የሠራው በአሮጌ የጭነት መኪኖች ላይ ነው። አዲስ መኪና ሲመጣለት "ይሄ ኮምፒውተር ነው፤ ወደ ልጆቹ ውሰደው" ይላል። በሥራው ቋንቋ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አልነበረም። መሪው ያለበት የሾፌር ጎን ነው፤ ሌላው የረዳት ጎን። ከአባቱ የሰማው እንዲህ ነው፤ ከእሱ የተማሩትም የሚናገሩት እንዲሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥር፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ዴቅ የሚባል የዕድሜ እኩያው ቤድፎርድ የጭነት መኪናውን አስጎትቶ አመጣለት። የፊት ባሊስትራዋ፣ ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ በሁለቱም በኩል ተሰብሯል። ድርቁ የበረታበት ጊዜ ነበር። የዴቅ እህት ኢስተሂል ከደገሀቡር ወዲያ አሥራ አንድ ላሞቿን ይዛ ዝናብ ትጠብቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሀብት የላትም። ዴቅ ድርቆሽ ሰብስቦ ግቢው ውስጥ ከምሯል፤ የሚያደርሰው ግን በዚችው መኪና ነው። የከተማው የጭነት መኪና ሁሉ ለውሃና ለእርዳታ እህል ተይዟል።

"ስንት ቀን ትፈጃለች?" አለ ዴቅ።

"ዕቃው ካለ ሁለት።"

"ዕቃው አለ። ከዱባይ በበርበራ ወደብ በኩል አስመጥቻለሁ። ከነቡሎኑ፣ ከነፒኑ፣ ሙሉ።"

"ለዚች አሮጊት አዲስ ጉልበት ገዛህላት?"

"ዋርያ፣ አንተ ሰው! አሮጊት አትበላት፣ ትሰማሃለች።"

በካርቶኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። ፋርማሲ የምትሠራው የዴቅ ልጅ ካፊያ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ አነበበችላቸው። "ይሄኛው የሾፌር ጎን ነው፣ አዴር" አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። የተጻፈው ቃል በቃል ይኸው ነበር። ሽመክት ደስ አለው። "አየህ ዴቅ፣ ፈረንጆቹም የሚናገሩት እንደኛው ነው" አለ።

ዕቃው በልኩ የተሠራ አልነበረም። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ስለጠበበ ፒኑ እንቢ አለ፤ ቶርኖ ቤት ተወስዶ እስኪሰፋ አንድ ቀን ሄደ። የመሃሉ ቡሎን ራስ ከአክስሉ ቀዳዳ ጋር አልተገናኘም፤ እሱን በሞረድ ማስተካከል ሌላ ቀን በላ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድርቆሹ ተጭኖ መኪናዋ ወጣች። ከተማውን ሳትለቅ ተመለሰች። ወደ ረዳት ጎን አጋድላለች፤ መሪ በዞረ ቁጥር ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቃል።

"ሻንሲው ነው" አለ ሽመክት፤ መኪናዋ ሁሉ የተቀመጠችበትን የብረት አጽም ማለቱ ነው። ከዓመታት በፊት መኪናዋ ተገልብጣ ሻንሲዋን ያቃናው እሱ ራሱ ነበር። አዲሱን ዕቃ አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው የራሱን የቆየ ሥራ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ድርቆሹን አስወርዶ፣ ጋቢናውን ፈትቶ፣ ሻንሲውን ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ለካው። እኩል ሆነ። ስላላመነ እንደገና ለካው።

ኢስተሂል በየቀኑ ትደውል ነበር። ዴቅ ስልኩን ይዞ ከበሩ ይወጣና ሲመለስ ቁጥር ብቻ ይናገራል። ረቡዕ ዘጠኝ አለ። ዓርብ አምስት አለ፤ ከአምስቱም ሦስቱ በራሳቸው መነሣት አቅቷቸው ጎረቤት ተሰብስቦ ሆዳቸው ሥር እንጨት እያስገባ ነው የሚያቆማቸው።

ቅዳሜ ዴቅ ትዕግሥቱ አለቀ። "እንዳጋደለች ልሂድባት።"

"ጎማው ይፈነዳል። ትገለበጣለህ።"

"እኔ ልገልበጥ!"

"ድርቆሹም አብሮህ ይገለበጣል።"



እሑድ ጠዋት ሽመክት ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ቤድፎርዷ ሥር ተኝቶ ሳለ ከሶማሌላንድ ድንበር፣ ከቶጎ ውጫሌ የመጣች ትንሽ መኪና ጎማ ለማስነፋት በሩ ላይ ቆመች። ከተኛበት የሚታየው እግር ብቻ ነው። የሾፌሩ እግሮች የወረዱት በቀኝ በኩል ነበር። እንዲህ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ጅግጅጋ ውስጥ ሞልቷል፤ ሲያያቸው ኖሯል። አሁን ግን እግሮቹን ከዓይኑ እስኪጠፉ ተከተላቸው።

ወጥቶ የሁለቱን ባሊስትራ ውፍረት ለካ። በሾፌር ጎን የገጠመው በሁለት ሚሊሜትር ይበልጣል። የቤድፎርዷ ነዳጅ ጋንና ባትሪ ያሉት በቀኝ፣ በረዳት ጎን ነው፤ ወፍራሙ መግባት የነበረበት እዚያ ነበር። ዕቃው ከዱባይ ይምጣ እንጂ የተሠራው መሪ በቀኝ ለሚሆንበት አገር ነው፤ በዚያ አገር ሾፌሩና ጋኑ ባንድ ጎን ናቸው። ካርቶኑ አልዋሸም፤ ካፊያም በትክክል አንብባለች።

"ዴቅ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜዋለሁ" አለ።

"እና ሻንሲው?"

"ደኅና ነው። መጀመሪያም ደኅና ነበር።"

 ዴቅ እጅጌውን ሰበሰበና "የትኛውን ቡሎን ልፍታ?" ብሎ አጠገቡ ተንበረከከ። ሲመሽ ጨረሱ።

ሰኞ ሲነጋ ሽመክት አብሬህ ልሂድ አለ። ዴቅ ግን ጋቢናውንም በድርቆሽ ሞልቶት ነበር። "የት ልትቀመጥ? መሪው ላይ?" ብሎት ሄደ።

ረቡዕ ተመለሰ። ድርቆሹን ለጎረቤት ፍየሎች አራግፎታል። በጭነቱ ቦታ የኢስተሂል ቤት የቆመባቸው ቀጫጭን እንጨቶች፣ ምንጣፎችና ባዶ የወተት ዕቃዎች ነበሩ። የመጨረሻዋ ላም የሞተችው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኢስተሂል አልደወለችም ነበር።

"መሪውን ብለቀው እንኳ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው" አለ ዴቅ። "ጥሩ ሠርተሃል።" ሊያሽሟጥጥ አልነበረም። ኢስተሂል ከጋቢናው ወርዳ ወንድሟን በሶማሊኛ ጠየቀችው፤ መኪናዋን የሠራው እሱ ነው? ነው አላት። ወደ ሽመክት ዞራ፣ ላደረግህልን ፈጣሪ ይስጥህ አለችው። ሽመክት ሶማሊኛ አሳምሮ ይችላል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ባሊስትራውን መፈተሽ ጀመረ።

ኢስተሂል ዛሬ በዴቅ ግቢ ትኖራለች፤ ከገጠር የሚመጣላትን የሰው ላሞች ወተት ተቀብላ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ሽመክት ከቤቱ ወደ ጋራዡ የሚሄድበት አጭሩ መንገድ እሷ በምትሸጥበት ወተት ተራ በኩል ነው። በዚያ አያልፍም፤ ዙሪያውን ይሄዳል።