ሁለት ክር በገዛ ጣቴ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የተማሪ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢል አትፍረዱብኝ። ንዴቴ ግን ቦታውን ያውቃል።

ነገሩ የጊታር ነገር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጊታር ይጫወት ነበር። እኔ እንድነካት አይወድም፤ «ቅኝቷ ይወርድብኛል» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሲሳሳላት ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተጋድማ አቧራ ስትጠጣ ኖረች። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። ከልደታው ኮንዶሚኒየማችን ወጥቼ በጌጃ ሰፈር አቆራርጬ እስከ ሜክሲኮ ስዞር እውላለሁ። ልጄ «ምን ጠፍቶሽ ነው እማዬ?» ትለኛለች። ምንም አልጠፋኝም። መዞር እወዳለሁ፣ በቃ።

ታዲያ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሽማግሌ ተላከባት፣ ሠርጓም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አንድ ከሰዓት እግሬ ሥር ተቀምጣ «እቴቴ፣ የአባባን ዜማ ማን ይጫወትልኝ ይሆን?» አለች። አባባ የምትለው ባለቤቴን ነው። ሕፃን ሳለች ስታለቅስ የሚያባብልባት፣ ከራሱ ያወጣት ግጥም የሌላት ዜማ ነበረችው። የትም አልተቀዳችም። አንድ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለችው። «እኔ እጫወትልሻለሁ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ሜክሲኮ አካባቢ ስዞር ከአንድ ፎቅ ላይ የጊታር ድምፅ እሰማ ነበር። ጉልበቴን እየረገምኩ ደረጃውን ወጣሁት። አስተማሪው ጸጉሩን ያጎፈረ ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?»

«ራሴን ነው።»

ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበርና አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው ያን ሳቅ ማለፍ አልነበረብኝም።

የግራ እጄ የቀለበት ጣት አይታጠፍም፤ የታክሲ በር ከቆረጠመው ወዲህ እንደ እንጨት ነው። ስለዚህ ኮርድ የሚሉትን፣ ጣት ሁሉ ተዘርግቶ የሚያዘውን ነገር አልቻልኩም። አስተማሪው እጄን አገላብጦ አየና እንዲህ አለኝ። «ኮርድ ሲባል አይፍሩ እማማ። መሠረቱ ሦስት ድምፅ ነው፣ ትራያድ እንለዋለን። የቀረው የእነዚያው ድግግሞሽ ነው። እርስዎ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ይያዙ።»

የዚያን ቀን እስከ ልደታ ድረስ ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድኩት። ሌሎቹ ተማሪዎች ስድስቱንም ክር ይመታሉ፣ ለእኔ ሁለት? ለአሮጊት የተቆረሰ? እንደ ትራፊ? በነጋታው ልነግረው ተዘጋጅቼ ስገባ፣ ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ዜማውን ሁለት ሁለት ክር አብሮ እየመታ ሲያስለቅሰው ደረስኩ። አንዱ ክር ሲዘፍን ሌላው አብሮት ያዜማል። አስተማሪው ዞር ብሎ አየኝ፤ «ይኸው እማማ፣ የእርስዎ ነው። ደብል ስቶፕ ይባላል። ከየት እንደሚገኝ የማያውቅ ሰው እየዳበሰ ይፈልገዋል፤ ሦስቱን የሚያውቅ ግን በቀጥታ ያነሳዋል» አለኝ። ለካ ትራፊ አይደለም። ያን ንዴት እዚያው ተውኩት። ያለ ቦታው የሆነ ንዴት እኔም አልወድም።

ከታች ያሉትን ሦስት ቀጫጭን ክሮች ሰጠኝ። ሦስቱን አንድ ላይ አስመታኝና ከዚያ ላይኞቹን ሁለቱን ብቻ፣ ታችኞቹን ሁለቱን ብቻ፣ አንዳንዴም መሐለኛይቱን ዘልሎ የዳር ዳሮቹን። ሦስት ሴቶች የሚኖሩበት ቤት ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲያወሩ አንዷ የለችም። የትኞቹ ሁለቱ ቢያወሩ ነው የሚያምረው? ሥራው ይኸው ነው። አንዳንዴ አንዲት ጣት ብቻ ፈንጠር ብላ ወደ ሌላ ቦታ ስትሄድ፣ ሌላይቱ ንቅንቅ ሳትል ኮርዱ ራሱ ይለወጣል። ይህን ባገኘሁ ቀን ወጥ ረስቼ አሳርሬአለሁ።

የባለቤቴን ዜማ ለአስተማሪው አንጎራጎርኩለት፤ በትዝታ ቅኝት ነው። መካከሉ ላይ አንድ ቦታ አለ፣ ወደ ታች ወረድ ሲል። እዚያ ጋ በተሰጠኝ ኮርድ ላይኞቹን ሁለቱን ስመታቸው ሽሮ ላይ ስኳር እንደነሰነሱበት ይሆናል።

«ይህ ነገር ምንድን ነው ልጄ? አባወራዬ እንዲህ አላለም።»

«አላሉም። ትዝታ ድምፁ አምስት ብቻ ነው፤ ከዚህ ኮርድ ሦስት ድምፆች አንዷ ትዝታ ቤት የለችም። ላይኛዋ ክር ላይ ነች። እሷን ይተዉና ታችኞቹን ሁለቱን ይያዙ፤ አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ አንድ ጣት ተጋድሞ ይበቃቸዋል።»

አደረግኩት። ባለቤቴ ቤት ውስጥ የገባ መሰለኝ። እጄ ግን ለምዶ ነበርና ዘንግቼ ስመታ ወደ ላይኞቹ ይሮጣል። ጾሙን በሙሉ የታገልኩት ከዚያች አንዲት ቦታ ጋር ነው።

የሠርጉ ሳምንት ልጄ፣ የሙሽራይቱ እናት ማለት ነው፣ ፊቷን አሳምራ መጣች። ፊቷን ስታሳምር አውቃታለሁ።

«እማዬ፣ አስተማሪሽ ዜማውን ቆንጆ አድርጎ ቀድቶልኛል። በስፒከር እንለቀዋለን።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጊታሩን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ጣትሽን እንዲህ እንዲህ ታደርጊያለሽ። ለቪዲዮው ያምራል።»

«ጣቴን እንዲህ እንዲህ?»

«የሙሽራው ወገኖች ትልልቅ ሰዎች ናቸው እማዬ። ብትሳሳቺስ? ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ! እኔ የሱቅ መስኮት ላይ የሚያቆሙት አሻንጉሊት ነኝ?»

ደም ፍላቴ ተነሣ። ቀጥ ብዬ ሜክሲኮ ሄድኩ። አስተማሪው አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ ሰው ፊት እጅ ይንቀጠቀጣል። ለእርስዎ አዝነን ነው።»

«ልጄ፣ ማን እዘኑልኝ አላችሁ? ያስተማርከኝ ልታሳየኝ ነው ወይስ ልትደብቀኝ?»

ዞር ብሎ ጊታሩን መቃኘት ያዘ። እኔም ደህና ዋል አላልኩትም፤ በዕድሜዬ ሰውን ደህና ዋል ሳልል ወጥቼ አላውቅም።

የመልሱ ዕለት ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ተተከለ። ተራዬ ሲደርስ ጊታሯን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ገና ክር ሳልነካ ከስፒከሩ ዜማው ፈሰሰ። እጄን አነሣሁና ሁሉም እንዲያየው አየር ላይ አቆምኩት። ሙዚቃ የሚያጫውተውን ልጅ «አጥፋ» አልኩት። ልጄን አየ። «እሷን አትይ፣ እኔን እይ። አጥፋ!» ጠፋ።

ከዚያ ተጫወትኩ። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጄ ወደ ላይኞቹ ሮጠ፤ ያው ስኳር። ከሙሽራው አክስቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቆምኩ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለስኩና ወረድ ከሚልበት ጀመርኩ፤ ጣቴን አጋድሜ ታችኞቹን ሁለቱን ያዝኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። የልጅ ልጄ እልል ስትል ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር። ያ ቀን አለፈ፤ ልጄንም ይቅር አልኳት።

አላለቀም እንጂ! ቪዲዮው ተሠርቶ መጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፣ እኔ ስጫወት ታየሁ። ምን ያምራል፣ አንዲት እንከን የለውም። ጎረቤቶቼ «ወይ እማማ! ምነው እስከ ዛሬ ደብቀውን!» ይላሉ። እኔ ግን እጄን ነበር የማየው። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጄ ቆመ፤ ድምፁ አልቆመም። እጄ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ድምፁ ወደ ፊት ሄደ። የእኔ እጅ ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ። የአስተማሪውን ቅጂ ከላዬ ላይ ጭነውብኛል!

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አልኩ።

«እማዬ፣ ለአንቺ ክብር ብዬ ነው» አለች ልጄ። «ቪዲዮ እኮ ለዘላለም ነው።»

«ለዘላለም ስለሆነማ ነው! የአንቺ ልጆች፣ የእሷ ልጆች፣ የማን እጅ ነው ብለው ሊያዩ ነው? አሁኑኑ ደውዪለት።»

«ሰው አለ እማዬ...»

«ሰው ፊት ነው የሠራችሁት፣ ሰው ፊት ደውዪ።»

ደወለች። ስልኩን ተቀበልኳትና ቪዲዮ የሠራውን ሰው አነጋገርኩት። የዕለቱ ድምፅ እሱ ጋ አለ።

«መመለስ ይቻላል እናታችን» አለኝ። «ግን የተሳሳቱባት ቦታም አብራ ትገባለች።»

«ትግባ! የተሳሳትኩትም የተመለስኩትም እኔ ነኝ። ከሁለት ክር ሌላ ድምፅ ብሰማ ቢሮህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ፤ እግሬ ደግሞ አይደክምም።»

አርብ አስተካክዬ አመጣለሁ ብሏል። ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ታንኳኳለች፤ ተቀይማለች። ትቀየም። የልጅ ልጄ ከባሏ ቤት ደውላ «እቴቴ፣ እኔም ያንቺን ነው የምፈልገው» ብላኛለች። እስከ አርብ ድረስ ግን እዚህ ቤት ለማንም እንግዳ ቪዲዮ አይከፈትም። ሪሞቱ እኔ ጉያ ውስጥ ነው።