በሰርጌ ቀን የተናገረው መብራት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወልድያ ወዳለው ጋራዤ መኪናውን ይዞ መጣ። መኪናዋ በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች። ዳሽቦርዱ ላይ፣ የሞተር ጥፋት የሚጠቁመው የቼክ ኢንጂን መብራት በሚበራበት ቦታ፣ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላ መካኒክ ነው የለጠፈልኝ፤ ማታ ማታ ዓይኔን እየወጋኝ» አለኝ። እኔ ዘንድ የሚሠሩት ልጆች ስልክ የምታክል መመርመሪያ ከመሪው ሥር ሰኩና ጥፋቱን ወዲያው አነበቡለት። ባለመኪናው እንኳን ሊደነቅ ቀና ብሎም አላየም። ፕላስተሩን በጥፍሬ ስልጥ እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ ያቺ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ በሰርጌ ቀን ነበርና።

ያን ጊዜ በእኛ አገር ለዚያች መብራት የሚሰጠው ሕክምና አንድ ብቻ ነበር፤ አምፖሏን መንቀል። ባለመኪናው መብራቷ በርታ ስታስጨንቀው ወደ ጋራዥ ይመጣል፤ አምፖሏ ትነቀላለች፤ ሰውየውም ተፈውሶ እንደሚሄድ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። ታዲያ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የመጣ መካኒክ እኛ ጋራዥ ምሳ ሲበላ አንድ ነገር አጫወተኝ። ከኮፈኑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ከውስጧ ሁለቱን ቀዳዳዎች መርጠህ በቁራጭ ሽቦ ብታገናኝና ቁልፍ ብትከፍት፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች የመኪናውን በሽታ በቁጥር ትነግርሃለች አለኝ። የትኞቹ ቀዳዳዎች እንደሆኑ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሣለልኝ፤ ከቁጥሮቹም ጥቂቱን እንደ ዳዊት ደገመልኝ። እኔ ነገሩን እንደ ተረት ሰማሁት። ልሞክረው ብል እንኳ ወልድያ ውስጥ አምፖሏ ያልተነቀለች መኪና ከየት ትገኛለች?

በዚያው ዓመት በጥር ወር አስካለን አገባሁ። አባቷ አቶ ተገኘ መርሳ ዳር፣ ወንዙን ጠልፈው ብርቱካንና ፓፓያ የሚያለሙ ሰው ነበሩ። ቃላቸው አንድ ነው ይባል ነበር። ከዚያ በፊት የወንድማቸው ልጅ ስትዳር ሰርገኛው አምሽቶ፣ ጠጥቶ መጥቶ፣ ጠብ ተነሥቶ ሰው በዱላ ተፈንክቷል። እናም ሽማግሌ ስንልክ ሁሉን እሺ ብለው በመጨረሻ አንድ ነገር አስረገጡ፤ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጄ ከደረሳችሁ ልጄን ትወስዳላችሁ። ከጠለቀች ግን ባትደክሙ ይሻላል፤ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።» ይህን የሰማ ሁሉ ያደርጉታል ብሎ አመነ። እኔም አመንኩ።

ሙሽራ የሚጫንባት መኪና የአንደኛ ሚዜዬ የደምሴ ነበረች። ነጭ፣ አሮጌ የጃፓን አውቶሞቢል ናት፤ ከአዲስ አበባ ገዝቷት ከመጣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ስለዚህም አምፖሏ በቦታዋ ነበረች። ደምሴ በሰርጉ ዋዜማ ላቫጆ ወሰዳት። ላዩን አሳጠበ፣ ውስጡን አሳጠበ፣ አልበቃውም፤ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን በሳሙናና በኃይለኛ ውኃ አስመታው። ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሞተሩስ ሰርገኛ አይደል እንዴ? ገላውን ሳይታጠብ ይሂድ?» አለኝ። አገራችን ለሰርግ የማታጥበው ነገር የለም። ከዚያ በአበባና በቀይ ሪባን አስጌጣት፤ እንዲያውም ከእኔ እሷ አማረች።

ቀትር ካለፈ በኋላ ከወልድያ ተነሣን። አጃቢዎቹ በሚኒባስ እየጨፈሩ ቀድመውን ሄዱ። እኛ መኪና ውስጥ ደምሴ መሪውን ይዟል፤ ከኋላ እኔና አጎቴ አያ ሞላ ተቀምጠናል። አያ ሞላ የሰርግ ሥርዓት ሲጓደል የሚያማቸው ሰው ናቸው። በሳቸው ሕግ ሙሽራ ንጉሥ ነው፤ በራሱ እጅ አይቆርስም፣ ዕቃ አያነሣም፣ ሙሽሪት ቤት ሳይደርስ እግሩ መሬት አይረግጥም። ከመንገድ ዳር ብርቱካን ገዝተን ልልጥ ስል እጄን መታ አደረጉኝና ራሳቸው ልጠው እያንዳንዷን ፍሬ አጎረሱኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ የማሽላ አገዳ ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በፀሐይ ውስጥ እንደ ወርቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰዓት ከእኔ የሚበልጥ ንጉሥ በምድር ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል መኪናዋ አንዴ ሳለች። ከዚያ ደጋገመች። ከኋላ በኩል ጥቁር ጭስ ተነሣ፤ የቤንዚን ሽታ አፈነን። ከደምሴ ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብጫ መብራት ቦግ ብላለች። ከእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሳ አጥር አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ጨርሶ ጠፋ።

ደምሴ ጃኬቱን አውልቆ ኮፈኑን ከፈተ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ነቀለ፤ ሁሉም ጥላሸት ለብሰዋል። በሚዜ መሐረቡ ጠርጎ መለሳቸው፤ መኪናዋ ተነሣች፣ ጥቂት ሄደች፣ ተንተፋተፈችና ቆመች። ደግሞ ነቀለ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ ቆመች። እንዲህ ስንል ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ጋራ አዘነበለች። የሚያልፈው ሁሉ እህልና ከብት የጫነ አይሱዙ ነው፤ አውቶቡሱም ሰው ከአፉ ሊወድቅ ደርሷል። ቢያሳፍሩንስ፣ ሙሽሪትን በምን ይዘን ልንመለስ?

«አያ ሞላ፣ ልውረድ። ሥራዬ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ንጉሥ መፍቻ ይዞ አያውቅም!»

«በሩ ከተዘጋብኝ የምን ንጉሥ እሆናለሁ?»

«ቢዘጋብህም ንጉሥ ሆነህ ይዘጋብሃል እንጂ ጥላሸት ለብሰህ አይደለም» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው መውጫዬን ዘጉብኝ።

ደምሴ ከውጭ ሆኖ፣ «ኧረ አያ ሞላ፣ ይፍቀዱለት፤ እኔ ካንዴላ ከመጥረግ ሌላ የማውቀው የለኝም» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ወይ ፍንክች!

እውነቱን ልንገራችሁ። አስካለን በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት፤ ተከናንባ፣ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጥላ። ነጩን ሱፌን ቀድጄ ወደ መርሳ በእግሬ ልሩጥ ልሩጥ አለኝ። በዚህ መሐል ነው የኮምቦልቻው ሰው ድንገት ትዝ ያለኝ። እሱ የነገረኝን ለማድረግ መውረድ አያስፈልገኝም፤ እንዲያውም መብራቷን የሚያነብ ሰው መሪው ፊት መቀመጥ አለበት። «ወደ ፊት ወንበር ልሻገር፣ መሬት ሳልረግጥ» አልኳቸው። አያ ሞላ ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ። በወንበሮቹ መሐል ሾልኬ አለፍኩ።

ደምሴን ሳጥኗን አስከፈትኩት፤ ሁለቱን ቀዳዳዎች በቃል አስረዳሁት። ከአበባው ላይ ቀጭን ማሰሪያ ሽቦ ፈትቶ አገናኛቸው። ቁልፉን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ መብራቷ ብልጭ አለች። ብልጭ። ትንፋሽ የወሰደች ያህል ዝም አለች። ብልጭ፣ ብልጭ። ረዘም አድርጋ ዝም አለችና ያንኑ ደገመች። ሁለት፣ ሁለት። ሁለት፣ ሁለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ተደንቄ አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ በመዳፌ ስዳብሰው፣ በመዶሻ ስቀጠቅጠው፣ ስሰድበው የኖርኩት ብረት፣ ለካ የሚያመውን ያውቃል። ለካ ጠያቂ አጥቶ ነው ዝም ያለው። አያ ሞላ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው ኖሯል፤ «በስመ አብ! ምን እያለ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ፣ የሚሰማን ያለ ይመስል።

«ሁለት ሁለት ነው የሚለው። የውኃው ሙቀት ሴንሰር ነው፤ የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚለካው።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የሚል?»

«በርዶኛል ነው የሚለው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒዩተር በውርጭ ያለ መስሎታል። ስለዚህ ቤንዚን ያለ ልክ ያጠጣዋል፤ እሱም ታንቆ ይቆማል።»

«በዚህ በቆላ ሙቀት!» አሉ አያ ሞላ፣ ከልባቸው አዝነውለት።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሴንሰሩ ከሞተ ሲሪንቃ ላይ ሌላ ከየት ይመጣል? ወልድያም ቢሆን አይገኝም። ፀሐይቱ ጋራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። መብራቷን ሳይ፣ ሳይ፣ አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። እሷ ቀበሌውን ነገረችኝ እንጂ ቤቱን አልነገረችኝም። ሴንሰሩ ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ደኅና ሆኖ ወሬውን የሚያደርሰው ሽቦ ተቋርጦም ይሆናል። ትናንት በላቫጆው ውኃ የተመታው ደግሞ ማን ነው?

«ደምሴ! ወደ ራዲያተሩ በኩል፣ ከውኃው ቱቦ አጠገብ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ሶኬት ፈልግ። ነካ አድርገው!»

«ይወዛወዛል!» አለ ከኮፈኑ ሥር። ቀጥሎም፣ «ማያያዣው ተሰብሯል፤ ኧረ ውኃ አለው!»

ደምሴ ሶኬቱን አራገፈው፤ ማድረቂያ ሲፈልግ መሐረቡ ጥላሸት ብቻ ሆኗል። እኔ ደግሞ ሸሚዜን ላውጣ ስል አያ ሞላ በሩን ከፍተው ወረዱ። ያንን ለሰርጉ የታጠበ፣ እንደ ወተት የነጣ ጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ሞተሩ ዘረጉ። «ጥረገው» አሉት። ደምሴ አመነታ። «ጥረገው እንጂ ልጄ! ጋቢ ይታጠባል።» ጠረገው፤ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ሰካው፤ ዳግመኛ እንዳይወልቅም በቀዩ ሪባን ከቱቦው ጋር ጠፍሮ አሰረው። ሽቦዋን ከሳጥኗ አወጣ። ቤንዚኑን መርገጫ እስከ ወለሉ ረግጬ ቁልፉን አዞርኩ። የጠጣችውን ሁሉ በጥቁር ጭስ ተፋች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠራ። መብራቷ ጠፍታለች። ማንም ሳይነቅላት፣ በራሷ ፈቃድ። አያ ሞላ አማተቡና፣ «አይ የሰው ልጅ፣ ብረት አስተምሮ ያናዝዛል!» አሉ።

ደምሴ መሪውን ተረክቦኝ በረረ። እኛ ግን ቁልቁለቱን ወርደን መርሳ ስንገባ ፀሐይ ከምዕራቡ ጋራ ጀርባ ገብታ ነበር። ከተማው በሰማያዊ ጥላ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ሱቅ ፋኖስ አብርቷል። አቶ ተገኘ ደጅ ደረስን። ሚኒባሱ ዳር ቆሟል፤ አጃቢዎቻችን ከበሮውን አቁመው አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጃገረዶቹ እንደ ወጉ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ዘግተዋል፤ ግን ዘፈን የለም። ከፊታቸው አቶ ተገኘ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል።

አያ ሞላ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አያ ተገኘ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ታማብን ነው። ቃልዎን አላከበርንም። የፈረዱትን እንቀበላለን።»

አቶ ተገኘ የአያ ሞላን ጋቢ አዩት፤ ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ደምሴን አዩት፤ ክርኑ ድረስ ጥላሸት ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከመኪናው ውስጥ፣ እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆኜ።

«ምኑን ነው ያላከበራችሁት?» አሉ።

«ፀሐይ ጠለቀቻ» አሉ አያ ሞላ።

«የት ጠለቀች?» ዱላቸውን አንሥተው ወደ ምሥራቅ፣ ከቆላው ማዶ ወዳለው ጋራ አመለከቱ። እኛ ሁላችን ምዕራብ ምዕራቡን ስናይ መጥተን ያንን ያየው የለም። ከጋራው አናት ላይ የመጨረሻዋ ብርሃን ቀጭን ሆና፣ የብርቱካን ልጣጭ መስላ፣ አርፋለች። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አልኩ እንጂ ከኔ ደጅ ሳትሄድ አላልኩም። እዚያ ማዶ ላሉት ገና ናት። ግቡ፤ ግቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!»

ልጃገረዶቹ ዘፈኑን ለቀቁት። እኔ እግሬ መሬት ሲነካ አልተሰማኝም።

ስንመለስ እስከ ወልድያ ድረስ ያንን ሁሉ ዳገት መብራቷ አንዴም አልበራችም። ይህን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ዓይኔን ከሷ ላይ ስላልነቀልኩ ነው። አስካለ እስከ ዛሬ፣ «በሰርጌ ቀን ያየኸው እኔን ሳይሆን መብራቱን ነው» እያለች ታሾፍብኛለች።

አማቼ አሁን የሉም። አስካለ ግን ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ነግራኛለች። በዚያ ቀን ከውስጥ ሆና በመስኮት አባቷን ታይ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ፀሐይ ምዕራቡ ጋራ ላይ ስትደርስ ግን ጀርባቸውን ሰጧት፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆሙ። ዘመዶቻቸው «መሽቷል፣ በሩን እንዝጋ» እያሉ ሲወተውቷቸው፣ ያንን ማዶ እያዩ «ገና ናት» ከማለት በስተቀር አልመለሱላቸውም። እኛ ገና ሳንደርስ፣ ሰበባችንን ሳንናገር፣ እሳቸው ብርሃን ሲፈልጉልን ነበር።

ባለፈው እሑድ የበኩር ልጃችንን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። «ሰርገኛው በስንት ሰዓት ይድረስ ይላሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ አስካለ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልኳቸው። እነሱ ቢያመሹ ግን ወዴት ዞሬ እንደምቆም እኔና እሷ እናውቃለን።