የእትዬ ጥሩ የስኳር ሰሊጥ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለፈው ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ታመው የቆዩት ጥቂት ጊዜ ነው። አጠገባቸው የነበረችው የእህታቸው ልጅ እንደ ነገረችኝ፣ ከመሞታቸው በፊት ውሃ ጠይቀው ጠጥተዋል። ሌላ የተናገሩት የለም።

ገዳሪፍ ላለን ሰዎች እትዬ ጥሩ ማን እንደ ነበሩ መንገር አያስፈልግም። ርቀው ለሄዱትና እዚህ ተወልደው ለማያውቋቸው ግን ልጻፈው። መተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ውስጥ አንዲት የግሪክ ነጋዴ ሚስት ቤት ተቀጠሩ። ለኬክ የሚሆን የስኳር አበባ መሥራት የተማሩት ከእኚሁ ሴት ነው። ሴትዮዋ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እትዬ ጥሩ ሙያውን ይዘው ቀሩ፤ ከመኝታቸው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ሙሽራ ጽጌረዳ ሲሠሩ ኖሩ።

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ለዓመታት ስለ ኖርሁ ሥራቸውን በቅርብ አይቻለሁ። ስኳሩን በሙቀጫ ያልሙና በስስ ሻሽ ይነፉታል። አስተማሪያቸው የሚያቦኩት በእንቁላል ነጭ ነበር። እትዬ ጥሩ ግን ሱዳኖች ሀሻብ የሚሉትን፣ ገበያው ላይ በጆንያ የሚሸጠውን የግራር ሙጫ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ በእሱ ያቦካሉ። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«በሁዳዴ የእስላም ሰርግ ይመጣብኛል። እኔ ያልቀመስሁትን ለሰው ሙሽራ ላቀርብ ነው?»

ሊጡ ሲላላ ትንሽ ቆንጥረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ያሳሱታል፤ በእርሳስ ጫፍ ላይ ጠቅልለው ቅርጽ ያወጡለትና ወንፊት ላይ ያደርቁታል። ቀለሙ የቀዩ የከርከዴ አበባ ውሃ ነው፣ ብሩሻቸውም የዶሮ ላባ። ሊማሩ የሚመጡትን ሴቶች «ስኳር አያስቸኩሉትም» ይሏቸው ነበር። «ደርቋል ብለሽ አትመኚው። ጆሮሽ ሥር አድርጊና በጥፍርሽ ነካ አድርጊው፤ ድምፅ ከሰጠሽ ደርቋል።»

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደርና ከትግራይ የመጣው ሕዝብ ድንበሩ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ጥሩ የቻሉትን ዱራ፣ የሱዳኑን ማሽላ፣ በሎሪ አስጭነው ወደ ስደተኞች መጠለያው ይሄዱ ነበር። እኔም ጋዜጠኛ ነበርሁና ለዘገባ ስሄድ አብሬያቸው እሳፈራለሁ። ይታይሽ የምትባለውን ልጅ ያገኘናት እዚያ ነው። እናትና አባቷ መንገድ ላይ ሞተው ከአክስቷ ጋር ቀርታለች። አገር ቤት ሳለች የታጨችለት ሙላው ከአባቱ ከአያ ፈረደ ጋር ቀድሞ ተሻግሮ ቁረይሻ በሚባለው የሱዳን የሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ፈልጎ አገኛት።

የመጠለያው ውሃ እያለቀ ነበር። ሰዉ በሎሪ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወሰድ የመጠለያው ኃላፊዎች ነግረውኛል፤ ወዴት እንደ ሆነ ግን እነሱም አላወቁም። ባልና ሚስት አንድ ላይ ይጫናሉ። እጮኛ ግን አይቆጠርም። ሎሪዎቹ ሳይመጡ ካልተጋቡ ይታይሽና ሙላው ይለያያሉ ማለት ነው።

እንቢ ያሉት አያ ፈረደ ናቸው። እኔና እትዬ ጥሩ ተቀምጠን ሳለ ነው የተናገሩት።

«ጠላ የለ፣ ጠጅ የለ፣ የሚታረድ የለ። ሰው መጥቶ ምን አየሁ ይበል? ልጄን እንደ ሌባ ተደብቄ አልድርም። ለሚመጣው አዝመራ ይቆይ።»

«አባ፣ ለሚመጣው አዝመራ እሷ የት እንደምትሆን ማን ያውቃል?» አለ ሙላው።

«ዝም በል አንተ! ሽማግሌ ሲናገር።»

እትዬ ጥሩ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አያ ፈረደ፣ የሰሊጥ አበባ መልኩ እንዴት ነው?» አሉ።

«ምን አልሽ?»

«የሰሊጥ አበባ። ለልጆቹ ሰርግ በስኳር ልሠራው ነው። አሁን ወቅቱ አይደለም፤ አይቼ የምሠራው የለኝም።»

«ነጭ ነው» አሉ አያ ፈረደ። ወዲያው ደግሞ «ነጭም አይደል። ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ነገር አለበት» ብለው ጨመሩ።

ገዳሪፍ አንድ ነጋዴ ለሴት ልጃቸው ሰርግ ከኒው ሀልፋ ፋብሪካ ስኳር አስመጥተው፣ የሙሽራዋ አበባ ተሠርቶ ሲያልቅ የተረፈውን ለእትዬ ጥሩ ትተውላቸው ነበር። ሙቀጫ ውስጥ የገባው ያ ስኳር ነው። ሲወቅጡ ጎረቤታቸው አጥር ላይ ቆማ «ሰው እየረገፈ አበባ? እርስዎስ ፈጣሪን አይፈሩም?» አለቻቸው።

«ታዲያ የራበው ሰው አይዳርም?» አሉና መውቀጣቸውን ቀጠሉ። ከዚያው ስኳር ከፍ ያለውን ድርሻ ከፍለው፣ ለተቅማጥ ሕሙማን ልጆች በጨው ውሃ እንዲበጠበጥ ወደ መጠለያው ክሊኒክ መላካቸውን ጎረቤቲቱ አላወቀችም። ተቀብላ የፈረመችውን ነርስ አነጋግሬያለሁ።

የመጀመሪያዎቹን አበቦች በሣጥን አድርገን ለአያ ፈረደ ወሰድንላቸው። ሽማግሌው አንዱን አንስተው አዩና በሳቅ ፈረሱ።

«ይህስ የዱባ አበባ ነው! ሰሊጥ እንደዚህ ሰማይ ሰማይ አያይም፣ እቴ። አንገቱን ደፋ ያደርጋል። የታች ከንፈሩም ረዘም ይላል፣ ንቡ የሚያርፍበት ነው።»

እትዬ ጥሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ጽጌረዳ ስለ ነበረ ሰሊጡንም እንደ ጽጌረዳ ቀና አድርገውት ኖሯል።

«እንግዲያው ይምጡና ያሳዩኝ» አሏቸው።

«እኔ? በዚህ እጄ?» እጃቸው እንደ ቅርፊት የሻከረ ነበር።

«ሰሊጥ ያጨደ እጅ አይደለም? ይበቃል።»

በማግስቱ አያ ፈረደ አንድ የደረቀ የሰሊጥ አገዳ በጨርቅ ጠቅልለው ገዳሪፍ መጡ። በዚያ ዓመት ዝናብ አጥቶ ፍሬ ሳይዝ ከደረቀው ማሳ የነቀሉት ነው። ጠረጴዛው ዳር ተቀመጡ። የመጀመሪያው አበባ ጣታቸው ላይ ተሰበረ፣ ሁለተኛውም።

«ይቺንስ የፈጠራት ሰይጣን ነው!»

«ሰይጣን ስኳር ከየት ያመጣል፣ አያ ፈረደ? በቀስታ።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት «ከንፈሩን»፣ «ወደዚህ»፣ «አይ፣ ደፋ አድርጊው» የሚል ብቻ ነው። እትዬ ጥሩ ይቀርጻሉ፣ ሽማግሌው እያንዳንዱን አበባ ከአገዳው ጋር በሙጫ ያጣብቃሉ፤ አበባው የሚወጣው ከቅጠሉ ሥር ነውና፣ ቅጠሉ የነበረበትን ቦታ ሁሉ በጣታቸው እየዳበሱ ያውቁታል። የቀረበላቸው ምሳ በረደ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም አገዳው ከላይ እስከ ታች አበበ።

አያ ፈረደ ራቅ ብለው ቆመው አዩት።

«ይህ እስከ መቼ ይቆያል?»

እትዬ ጥሩ ለሚፈልጉት ነገር እንኳ ውሸት አይናገሩም ነበር። «እርጥበት ካላገኘው ዓመትም ይቆያል» አሉ።

«ዓመት?» አሉ አያ ፈረደ፣ እስካሁን ሰርጉን ያዘገየነው እኛ እንደ ሆንን ሁሉ ተቆጥተው። «ማን ዓመት ይጠብቃል? እሑድ ነው የምንድረው!»

እትዬ ጥሩ «እሺ» ብቻ ብለው ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመሩ።

እሑድ በመጠለያው ሸራ ሥር ከእርዳታ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ዳቦ ቀረበ። አገዳው መሐሉ ላይ ቆሞ ነበር። ሻይ እንጂ ሌላ የሚጠጣ አልነበረም። አያ ፈረደ የመጣውን ሰው ሁሉ እጁን እየያዙ ወደ ዳቦው ያቀርቡና «ከንፈሩን እየው። ረዘም ያለው በእኔ ትእዛዝ ነው» ይሉ ነበር። አንድ የቁረይሻ ሠራተኛ «አያ ፈረደ፣ ዘንድሮ ሰሊጥ የቀናዎት እርስዎ ብቻ ነዎት» አላቸውና ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ መጠለያ እንደዚያ ያለ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ እትዬ ጥሩ አበቦቹን ከአገዳው እየነቀሉ ለልጆቹ አደሉ። አንዲት ልጅ ሳትበላው በእጇ ብትይዘው «ብይው እንጂ፤ የተሠራው ሊበላ ነው» አሏት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሎሪዎቹ መጡ። ይታይሽና ሙላው አንድ ሎሪ ላይ ሲወጡ ቆሜ አይቻለሁ። አያ ፈረደ ወደ ቁረይሻ ተመለሱ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

እትዬ ጥሩ፣ ይህን ጽሑፍ ባነብልዎ መጀመሪያ የሚሉኝ «አበዛኸው» ነው። ያየሁትንና ጠይቄ ያረጋገጥሁትን ብቻ ነው የጻፍሁት። ያላየሁት የበለጠ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያደረጉትን ለሰው የሚያወሩ አልነበሩምና። ከተማው ውስጥ እርስዎ ያስተማሯቸው ሴቶች ዛሬም ሙጫ ዘፍዝፈው ያድራሉ። ስለዚህ ሥራው ቀረብኝ ብለው አያስቡ። እጅዎን ይታጠቡና ይረፉ፣ እትዬ።

ቀብርዎ ዐርብ ከቀትር በኋላ ተፈጸመ። ይታይሽና ሙላው ሾዋክ ከተማ ካለው ቤታቸው አብረው መጥተው ነበር።