ለምርመራ የተጠረገ ሆድ

አቃቂ በሰቃ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ ከሰው ሁሉ የማዝነው «ሰገራ አምጡ» ለሚባሉት ነበር። ደም ስጥ ሲባል ክንዱን በኩራት የሚዘረጋ ጎልማሳ፣ ያቺን ትንሽ ዕቃ ስሰጠው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። መልሶ ሲያመጣትም በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል አስሮ፣ በጃኬቱ ሸፍኖ ነው።

አንድ የጾም ወቅት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዲት እናት መጡ። ፈትል ክፍል ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው። ደረቅ ሳል ይዟቸው ሌሊት ሌሊት ደረታቸው ያፏጫል። ፋብሪካው ወደ ግል ሊዛወር ነው እየተባለ ሠራተኛ የሚቀነስበት ጊዜ ነበር። ሐኪሙ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶታል ብሎ ከጻፈ ከማሽናቸው ይነሳሉ፤ ከማሽን የተነሳ ደግሞ ቤቱ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። ባል የላቸውም፤ ልጆቻቸውም ገና ተማሪዎች ናቸው።

ሐኪሙ ደምና ሰገራ አዘዘላቸው። በማግስቱ ስጠብቃቸው ከሳምንት በኋላ ብቅ አሉ። ሰገራቸውን ሳይ ምንም የለበትም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ብናኙ ነው» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ደማቸውን ሳላይ እንዳይጽፍ ለመንኩት።

ስላይዱን ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ሳየው ደነገጥኩ። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት፣ ውስጣቸው በቀያይ ፍሬ የተሞላ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በጤነኛ ሰው ደም ተፈልገው ነው የሚገኙት። እዚህ ግን በየሄድኩበት አሉ። በአለርጂም ይጨምራሉ፤ ይህን ያህል ሲበዙ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ትል ነው።

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ ከመምጣትዎ በፊት የሆድ መድኃኒት ወስደው ነበር?»

አንገታቸውን ደፉ። «ታዲያ ቤት ሳይጠረግ እንግዳ ይገባል እንዴ፣ ልጄ? የወስፋት መድኃኒት ገዝቼ ዋጥኩና ሆዴን አጽድቼ መጣሁ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ወዲያው ግን አንጀቴን በሉት። ሰው እንዳይጸየፋቸው ብለው እንጀራቸውን ሊያጡ ነበር።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ስለ ምግባቸው ጠየቃቸው። በጾሙ በቆሻሻው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማውን ሰላጣ ታጠበ አልታጠበ ሳይሉ ይበሉት ኖሯል። የወስፋት እጭ አንጀት ውስጥ ከመቀመጡ በፊት በደም ተጉዞ በሳንባ እንደሚያልፍ፣ ያኔ ሰገራ ላይ እንደማይታይ፣ ሕዋሳቱም እዚያው ሳንባ ውስጥ ተረባርበው ሲከቡት በሚረጩበት ነገር የራስ ሳንባ ጭምር እንደሚቆጣ አስረዳቸው። ሳሉም ፉጨቱም ከዚያ ሊሆን ይችላል አላቸው።

«ታዲያ ሕዋሳቱ ለእኔ ብለው ነዋ የሚያስሉኝ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ምስኪኖች።»

የመጀመሪያው መድኃኒት ሳንባ ያለውን እጭ አልነካውምና፣ ደግመው ወስደው ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ። ሳሉ ለቋቸዋል፤ ወረቀቱም አልተጻፈም። ሕዋሳቱን ካላየሁ አሉና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ስፈልግ ቆይቼ አንዲት ብቻ አገኘሁላቸው።

«ይቺስ ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

«ተረኛ ናት» አልኳቸው።

ብዙ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

«በይ ልሂድ፣ ልጄ። እኔም የከሰዓት ተረኛ ነኝ።»