ወንዱ ሎብስተር ምን ይባላል?

ሐርጌሳ ከተማ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ያሉ ሶማሌዎች ፈትያን «ሐበሻዋ» ይሏታል። አማርኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ «ሶማሌዋ»። ሁለቱም ያናድዷታል። እዚያው ሐርጌሳ ነው የተወለደችው። በአራት ዓመቷ ጦርነቱ ሲመጣ እናቷ አዝላት ሸሸች፤ ድሬዳዋ አደገች፤ አማርኛዋን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጣላች ተማረች። አሁን አርባ አንድ ሆኗታል፤ ወደ ሐርጌሳ ተመልሳ የምትኖረው በትርጉም ሥራ ነው። የሐኪም ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ ሼክ ኑር ሰፈር የተጠለሉ ስደተኞች ማመልከቻ፣ ያልተረጎመችው ነገር የለም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ በሯን አንኳኳ። ከበርበራ ዓሣና ሎብስተር በበረዶ እየጫነ ሐርጌሳ የሚያመጣ፣ የሸዋ ሰው ነው። ሎብስተር ያ ረጅም ጭራ ያለው፣ ቅርፊቱ እሾሃም የሆነ የባሕር ፍጥረት ነው።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ፤ ያበድኩት እኔ ነኝ ወረቀቱ?» አላት።

የዓሣ ድርጅቱ ለሹፌሮቹ በአማርኛ ያደለው የሎብስተር አጫጫን መመሪያ ነበር። ፈትያ ጮክ ብላ አነበበች። «አውራ ዶሮ ብቻ ጫን። እንቁላል የያዘች ዶሮ ካገኘህ ወደ ባሕር መልሳት።»

«አዲሱ ሹፌር ዋሲሁን ዶሮ ባሕር ውስጥ አልጨምርም፣ ግፍ ነው ብሎ መኪናውን አቁሞ ተቀምጧል» አለ ደምሴ።

ፈትያ ሻርፗን አስተካክላ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ዓብዲናሲር ውጭ አገር የተማረ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ችግሩ ወረቀት ይወዳል። መመሪያውን በኮምፒውተር እንዳስተረጎመ ምንም ሳያፍር ነገራት።

«እንግሊዞች ወንዱን ሎብስተር የሚጠሩት በአውራ ዶሮ ስም ነው፤ ሴቷንም በዶሮዋ» አለ። «ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም።»

«እንግሊዞች ዶሮ ስላሉ እኛ ባሕር ውስጥ ዶሮ እናርባ?»

«እሺ፣ አንቺ አስተካክይው። ግን ‹ወንድ› ብለሽ እንዳታልፊው። እንግሊዝኛው የራሱ ቃል አለው፤ አማርኛውም ይኑረው።»

መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። አማርኛ ለየብስ እንስሳ ቃል አያጣም፤ ለከብቱ ኮርማ አለ፣ ለፍየሉ ወጠጤ። ባሕር ዳር ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ማታውን አንድ ቃል መጣላት፦ አውራ። አውራ ጣት፣ አውራ ጎዳና ይባል የለ? ዶሮውን አስወጥታ አውራውን ብታስቀር ምን ይላታል? «አውራ ሎብስተር» ብላ ጻፈች፤ በጣም ደስ አላት።

በማግስቱ ለመላው ቢሮ አነበበችላቸው። የቢሮው አንጋፋ ጸሐፊ ኢልዋድ አፏን በእጇ ያዘች።

«አስተግፊሩላህ! የፍጥረቱን ዓውራ ወረቀት ላይ ታወጪያለሽ?»

«ኤዶ ኢልዋድ» አለች ፈትያ፣ አክስቷን እንደምትለማመጥ፣ «እኔም እሰግዳለሁ። መሸፈን ያለበት ሐፍረተ ሥጋ ዓውራ እንደሚባል አውቃለሁ። ይሄ የአማርኛ ቃል ነው፤ ሌላ ነው።»

«ጆሮዬ የሚሰማው ግን ያንኑ ነው።»

ዓብዲናሲርም እርሳሱን አነሳ። «በእኛም በሶማሊኛ አውር ማለት ወንድ ግመል ነው። ሹፌሮቹ ግመል ቢጭኑስ?»

«ሹፌሮቹ የሚያነቡት በአማርኛ ነው! ደግሞስ ግመል በበረዶ ሣጥን ይጫናል?»

ስብሰባው እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ቀጠለ። አንዱ «ንጉሥ ሎብስተር» ይባል አለ፤ ሌላው «አባ ሎብስተር»። አዛን ሲሰማ ሁሉም ተነሡ። ፈትያ ከሰገደች በኋላ ወደ ስብሰባው አልተመለሰችም፤ ከገበያው ጀርባ መኪናውን ወደሚያጥበው ወደ ጋሽ ደምሴ ሄደች።

«ለመሆኑ እናንተ ወንዱን ምን ትሉታላችሁ?»

«ወንዱንማ ምንም አንለውም። የምንጠነቀቀው ለእመጫቷ ነው።»

«ለማን?»

«ለእመጫቷ። እንቁላሏን ጭራዋ ሥር ታቅፋ ለምትመጣው። ገልበጥ አድርገሽ ታያለሽ፤ እመጫት ከሆነች ትመለሳለች። እኛን ዓሣ አጥማጆቹ አሳይተውናል፤ አዲሶቹ ሹፌሮች ናቸው የማያውቁ።»

ፈትያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ የተጨቃጨቁት ማንም ላልጠየቀው ቃል ነበር። እሷም ቃሏን ወድዳ አብራ እንደተጨቃጨቀች ስታስብ ይበልጥ ተናደደች። እዚያው ሆና ጻፈች፦ «ሎብስተሩን ከመጫንህ በፊት ገልብጠህ ጭራው ሥር እይ። እንቁላል የታቀፈች እመጫት ከሆነች ወደ ባሕር ትመለስ።»

ዓብዲናሲር ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጥሩ ነው። ወንዱ የታለ?»

«ወንዱ ምን አደረገ? ተወው!»

«በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ለወንዱ ስም ተሰጥቶታል ብያለሁ።»

ፈትያ ብዕሩን ከእጁ ወስዳ «ወንዴው ይጫናል» ብላ ጨመረች። ወንዴና ሴቴ የምትለዋን ቃል ድሬዳዋ የሳይንስ አስተማሪዋ ነበሩ ያስተማሯት። ኢልዋድ አልተቃወመችም። ዓብዲናሲር «አፕሩቭድ» ብሎ ማኅተም አሳረፈበት።

ከአሥር ቀን በኋላ ጋሽ ደምሴ አዲሱን ወረቀት ይዞ መጣ። ዋሲሁን ሥራ ገብቶ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት እመጫቶች አስመልሷል።

«ቃሉ ወርቅ ነው» አላት። «ያተሙበት ሥዕል ግን የሸርጣን ነው።»

ፈትያ አየችው። እውነትም ድቡልቡል፣ ጭራ የሚባል የሌለው ሸርጣን ነበር፤ ከጎኑ «ጭራው ሥር እይ» የሚል ቀስት ተሥሎበታል።

«ስንት አሳተሙ?»

«አምስት መቶ።»

ሻርፗን ይዛ ወደ ቢሮው ልትሄድ ተነሣች። ደምሴ ግን ሳቀ። «ተይው እባክሽ። ነገ በርበራ ስደርስ አዲሶቹን ሰብስቤ በእጄ እየገለበጥኩ አሳያቸዋለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ፈትያ ያን ዕለት እሱን ሸኝታ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከሼክ ኑር መጥታ ደጃፏ የምትጠብቃትን ሴት «ግቢ፣ ግቢ» አለቻት።