ከቱላማሪን ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ከሜልቦርኑ ቱላማሪን አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ርቀቱ ከአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃል ላይ በአንዱ የዓረብ አገር ተቀምጦ መጠበቁ ሲጨመርበት፣ ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ አንድ ቀን ሙሉ አልፎ ይተርፋል። ቀብር ደግሞ እኛ አገር ቢዘገይ ለማግስቱ ነው። እዚህ ሜልቦርን ዳር ታርኔት ሰፈር ያለን ሐበሾች ይህን ሒሳብ በቃላችን እናውቀዋለን።

መርዶም በስልክ አይነገርም። ከአገር ቤት «ትንሽ አሞታል» ከተባለ ሰውዬው ተቀብሮ ሰንብቷል ማለት ነው። አክስቴ ስትሞት እንኳ ለእኔ የተነገረኝ ጉንፋን እንደያዛት ነበር።

ስለዚህ እህቴ ደውላ አባባን ትንሽ እንዳመመው፣ ብመጣ ደስ እንደሚለው ስትነግረኝ መርዶ መሆኑ ገባኝ አልኩ። እንዳትደብቀኝ ለመንኳት። ምንም እንዳልደበቀችኝ ማለችልኝ። ጭራሽ መማሏ ነገሩን አረጋገጠልኝ። ስልኩን ዘግቼ እዬዬ አልኩ።

ከአጎራባቾቹ ሰፈሮች፣ ከሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ከዌሪቢ ሳይቀር ሰው መጣ። ሳሎናችን ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ድንኳን መትከል ብቻ ነው የቀረን። ባለቤቴ ለዚያው ምሽት ቡክ ላድርግልሽ ሲለኝ፣ እንደ እናት የማያቸው ጎረቤታችን አቋረጡት።

«ቀብሩ እንደሆነ አልፏል። ሐዘን ይዛ ብቻዋን አትብረር። ቅዳሜ የምትሄድ ልጅ አለች፣ አብረው ይሂዱ» አሉ።

እሺ አልኩ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልጣደፍ?

በሦስተኛው ቀን እህቴ እንደገና ደወለች። ለቀስተኛው እንደተቀመጠ ነው፤ እኔም ጥቁር ለብሼ መሃላቸው ነኝ። አባባ ሊያናግርሽ ይፈልጋል አለችና ስልኩን ሰጠችው። ድምፁ ደክሟል፣ ግን የእሱ ነው።

«የት ደረስሽ?» አለኝ።

መንገድ ላይ ነኝ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? በሕይወት ያለ አባቴን ሦስት ቀን ሙሉ ሳለቅስለት ከርሜ፣ አሁን ገና ለማዘን የሚበቃ ምክንያት አገኘሁ። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ተነሥቶ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ ወጣ። ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው ይቅር በይኝ አሉኝ። እሳቸውን ምን ብዬ እቀየማለሁ? እኔም እንደሳቸው ነው ያሰብኩት።

በዚያው ምሽት ተነሣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን የቀረውን ኪሎ ሜትር ያሳያል። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ቁጥሩ ሲቀንስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሞኝነቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቦሌ ስደርስ እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። አባባ ሌሊቱን አርፏል። እስከ መጨረሻው ስንት ሰዓት ቀራት እያለ ይጠይቃት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እኔ እኮ እውነቱን ነው የነገርኩሽ» አለችኝ።