ውጦ ስሙን የተናገረው

አደሪቶ ሊዝበን ውስጥ የእግረኛ መንገድ ድንጋይ እየጠረበ የሚያነጥፍ ሰው ነው። ሄሮይን አሥራ አንድ ዓመት ከተጫወተበት በኋላ በየጠዋቱ ሜታዶን የሚባለው የሄሮይን ሱስ ማስታገሻ ከሚታደልበት መኪና ፊት ከእኛ ጋር መሰለፍ ጀመረ። ሱስን በሱስ መተካት ነው የሚሉ አሉ። ያበጠው ይፈንዳ፤ እኛን ከመቃብር ያቆየን ሜታዶኑ ነው።

መድኃኒቱን የምትሰጠን ሲስተር ግራሲየት ሁለት ደንብ አላት። ፊቷ ጠጥተህ ስምህን ጮክ ብለህ ትናገራለህ፤ አፉ የሞላ ሰው አይናገርማ። መኪናው አጠገብ የተደባደበ ደግሞ ከሕክምናው ይባረራል።

እኛ ግን ግማሹን ምላሳችን ሥር ይዘን ስማችንን ማጉተምተም ለምደናል። ቶርካቶ የሚባል ጉልበተኛ መንገዱ ጥግ ላይ ጠርሙስ ይዞ ይጠብቃል፤ ተፍተንለት ይሸጠዋል። እምቢ ያለውን ይቀጠቅጣል። እኔ ኦንዲና አራት ወር ተፍቼለታለሁ፤ ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቶርካቶ አደሪቶን አስቆመው።

«አንተ ድንጋይ ጠራቢ፣ ዛሬም ጠርሙሴን ባዶዋን ልትመልሳት ነው?»

«ውሃ ሙላባት!» አለው አደሪቶ። ሰልፈኛው ሳቀ። ከዚያ ሄዶ ጠጣና «አደሪቶ ባራዳስ!» ብሎ ጮኸ።

ሲስተር ከማታይበት ከመኪናው ጀርባ ሲደርስ የቶርካቶ ጠርሙስ አፉ ላይ ተሰበረ። ሲወድቅ ቶርካቶ በጫማው ፊቱን ረገጠው፤ ደገመው። የአደሪቶ መዶሻ ከቦርሳው ወጥቶ እጁ ሥር ወድቋል።

«አንሳው! በለው እንጂ!» አልኩ።

«አላነሳም! ከዚህ ከተባረርኩ ሟች ነኝ!» አለና እጆቹን ኪሱ ከተተ። ሦስተኛው እርግጫ መንጋጋውን ሰበረው፤ ሲሰበር ሰማሁት። ፖሊስ ሲመጣ ቶርካቶ የለም። ማን እንደመታው ያየ አልተገኘም፤ እኔም አላየሁም አልኩ።

በአምስተኛው ቀን አደሪቶ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ መጣ። ቶርካቶም አዲስ ጠርሙስ ይዞ ጥጉ ላይ ቆሟል። አደሪቶ መድኃኒቱን በቀጭን ቱቦ ጠጣና ስሙን ሊናገር ታገለ፤ ከጉሮሮው ማቃሰት ብቻ ወጣ።

«ይበቃሃል ወንድሜ፣ ሂድ» አለችው ሲስተር።

«ስሙ ጠፋበት!» ብሎ ቶርካቶ ሳቀ።

ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። «አደሪቶ ባራዳስ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ደገመው፣ ቀጥሎ ሰልፉ በሙሉ። አደሪቶ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

ጽዋዬን ተቀብዬ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ዋጥኩ፤ ስሜንም ተናገርኩ። ቶርካቶ መሳቁን ትቶ የጠርሙሱን አንገት ጨብጦ ወደ እኔ መጣ። በጣም ፈራሁ። እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆምኩለት።